ሐረጎ ላይ የማይከዳ ማዳመጫ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። የጻፈችልኝ ደሴ የምትኖር፣ ኮምቦልቻ የምትሠራ እህት ናት። ሐረጎ የሚባለውን በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጠዋትና ማታ በሚኒባስ ትመላለስበታለች። መንገዱን የምትገፋው በሙዚቃ ነው፤ ትዝታና አምባሰል ትወዳለች፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ መንዙማ። በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ማዳመጫ ሞቶባታል። ሁለቱ ባለገመድ ናቸው፣ አንዱ ሁላችንም ኤርፖድ እያልን የምንጠራው ዓይነት ብሉቱዝ። ሁሌ ቀድሞ የሚጠፋው የግራው ነው ትላለች። ድምፁን እስከ ጥግ ካልከፈተችው አይሰማትም፤ ማታ ጋደም ስትል ደግሞ ጆሮዋ ይጮሃል። ሂጃብ ትለብሳለች። «ትልቁን፣ ራስ ላይ የሚደፋውን ልግዛ ወይስ ጫጫታ የሚያጠፋውን ብሉቱዝ? ገንዘብ ማቃጠል ሰልችቶኛል» ነው ያለችው።

አብሽሪ እህቴ። ሁለቱንም አትግዢ።

እኔ ብሆን የምገዛው ባለገመድ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ የሲሊኮን ጎማ ያለው፣ ጃኩ (ስልኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ) ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ክርን የታጠፈ ነው። ገመዱ ከማዳመጫው የሚነቀል ከሆነማ በጣም ጥሩ፤ ሲበጠስ ገመድ ብቻ ትገዣለሽ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የግራውን ነገር እንየው፤ ሞቱ ካልሻቸው ውስጥ ያልሞተ ሳይኖር አይቀርም።

ባለፈው አንድ ሰውዬ 3 ማዳመጫ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። የሁሉም ግራቸው አይሠራም አለኝ። በቴስተር ለካኋቸው፣ ሦስቱም ደህና። ስልኩን ተቀበልኩት። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ የግራና የቀኝ ድምፅ የሚያመዛዝን መስመር አለ። ነጥቧ ጭልጥ ብላ ወደ ቀኝ ሄዳለች። ልጁ ስልኩን ሲነካካ ነው እንጂ እሱማ እንዲህ ያለ መስመር መኖሩንም አያውቅ። ወደ መሀል መለስኳት፣ አለቀ። ሒሳብ አልተቀበልኩትም፣ ቡና ጋበዘኝ። አንቺም መጀመሪያ እሷን እዪ። ማዳመጫው እየተቀያየረ የሚጠፋው ጎን ግን ያው ከሆነ፣ ከማዳመጫው በፊት ስልኩን ጠርጥሪ። የሰው ስልክ ላይ ሰክተሽ ሞክሪው።

ሌላም ሙከራ አለ፣ ምንም ወጪ የለውም። የቀኙን ማዳመጫ ግራ ጆሮሽ ላይ አድርጊው። ያኔም ግራሽ ላይ ደከም ካለ፣ ጥፋቱ የማዳመጫው አይደለም፤ የጆሮሽ ነው። ብዙ ጊዜ ኩክ ነው፣ ሐኪም ቤት በቀላሉ ይወጣል። በጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ አትግፊው፣ የባሰ ይወተፋል።

ከዚያ የስልኩ ቀዳዳ። ቦርሳና ኪስ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ እየገባ ጥግ ላይ ይጠቀጠቃል፤ ጃኩ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ አንዱ ጎን ይጠፋል። ስልኩን አጥፊና በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለሽ አውጪው። መርፌ አትክተቺበት፤ በመርፌ የተበላሸ ቀዳዳ ስንቱን አይቻለሁ።

ቀጥሎ የማዳመጫው አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት። ይቺን ብርሃን ላይ አድርገሽ ተመልከቻት። ኩክ ከደፈናት ድምፁ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይደክማል። የኛ አገር ሴቶች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ እሱም የፀጉር ቅቤ ነው። አትቀየሚኝ፣ እውነቴን ነው። ቅቤ ከሂጃቡ ስር ይሞቅና ወደ ጆሮ አካባቢ ይወርዳል፣ ወንፊቷ ላይ ይረጋል፣ አቧራ ይይዝበታል። ጎማውን አውልቀሽ በሳሙና ውኃ እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ። ወንፊቷን ግን ውኃ አታስነኪ፤ አፏን ወደ መሬት ደፍተሽ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ። የሚወጣው ወደ ታች እንዲወድቅ ነው መድፋቱ፤ ቀና አድርገሽ ከጠረግሽው ወደ ውስጥ ነው የምታስገቢው።

ብሉቱዙም ላይ ያው ቅቤ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርጉ ትናንሽ ወርቃማ ነጥቦች አሉ፤ ቅባት ሲለብሱ አንዱ ጎን ተቀምጦ ያድራል እንጂ ቻርጅ አያደርግም። ጠዋት «የግራው ሞተ» ይባላል። በደረቅ ጥጥ ወልውያቸው። ከዚህ በኋላም ካልነሳ ባትሪው ነው። የአንዱ ጎን ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥ። ስልክ ስታወሪ አንዱን ጎን ብቻ የምታደርጊ ከሆነ እሱ ከመንታው ቀድሞ ያረጃል። ግራሽን ለስልክ ትጠቀሚ ነበር? እንግዲያው እሱ ነው። ባትሪው ይቀየራል ወይ ካልሽኝ፣ አንዳንዱ ይቀየራል፣ ግን ቅርፊቱ በሙጫ ስለሚዘጋ ስንከፍተው ይሰነጠቃል፤ ለርካሹ አይመከርም።

የባለገመዱ ሞት ሌላ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው የሚበጠሰው ጃኩ ስር፣ ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ቆሞ ቀጥ ያለው ጃክ ሲታጠፍ፣ ሲቃና፣ ሲታጠፍ። የታጠፈ ጃክ ግዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሁለተኛው ገዳይ ገመዱን ስልኩ ላይ ጥምጥም አድርጎ ኪስ መክተት ነው። ላላ አድርገሽ በክብ ሰብስቢው። የእስክሪብቶ ውስጥ ያለችዋን ትንሽ ሞላ አውጥተሽ ጃኩ ስር ገመዱ ላይ ብትጠመጥሚያት ደግሞ መታጠፉን ትከለክለዋለች፤ ቀላል ናት ግን ትሠራለች።

የተበጠሰውን ቤት ውስጥ ለመቀጠል የሚሞክር ብዙ ነው፣ ይልጠውና ክሩን ከክሩ ጋር ጠምዝዞ በፕላስተር ያስረዋል። አይሠራም። ለምን መሰለሽ? ገመዱን ስትልጪው ፀጉር የሚያክሉ ክሮች ታያለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ የቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፣ መዳብ የሚመስለው የጋራ ነው። ቀለሙ ቀለም ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልባስ ነው። እኛ ጠጋኞች የመበየጃ ካውያውን ጫፍ ሊድ (ቀልጦ የሚበይደውን ብረት) እናስነካውና ክሩን እዚያ ጠብታ ውስጥ እንይዘዋለን፤ ትንሽ ጭስ ብን ይላል፣ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ክሩ ብር መስሎ ይወጣል። ያኔ ነው የሚያያዘው። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው አስፕሪን ኪኒን ላይ ነበር ክሩን በካውያ የሚጫነው፣ ቀለሙን ልጥጥ አድርጎ ያወጣዋል። ጭሱ ግን አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ እኔ ትቼዋለሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ መግዛቱ።

ያንቺ ዋናው ችግር የማዳመጫው ማርካ አይደለም። የሚኒባሱ ጩኸት ወደ ጆሮሽ እየገባ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከሱ በላይ ለመስማት ድምፅ ትጨምሪያለሽ። ሞተሩ፣ መስኮቱ፣ ሹፌሩ የከፈተው ዘፈን፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። መፍትሔው በር መዝጋት ነው። በሩ ደግሞ ያቺ የማትረባ የምትመስል ጎማ ናት። ለጆሮ እሷ እንደ ጀበና ውታፍ ናት፤ ትንሽ ክፍተት ካለች ሁሉም ነገር ይዘረገፋል። በደንብ የገጠመች ጎማ የውጭውን ድምፅ እስከ 20 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው)፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቀንሳለች፤ ያለ ባትሪ፣ ያለ ምንም። ካልገጠመች ደግሞ ጩኸቱ መግባቱ ብቻ አይደለም ጣጣው። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ራሱ በክፍተቱ ይወጣል። ሰው «ይሄ ማዳመጫ ቤዝ የለውም» ብሎ የሚወረውረው ስንቱ ጎማው ያነሰበት ወይም የተለቀበት ብቻ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 መጠን ይመጣል፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ሰዉ የተገጠመውን መካከለኛ ይዞ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ከሳጥኑ ጋር ይጣላሉ። እንዲህ አድርጊ። ዘፈን ክፈቺና ማዳመጫውን በጣትሽ ወደ ውስጥ ጫን አድርጊው። ከበሮው ድንገት ከወፈረ ጎማው አንሶሻል፣ ወደ ትልቁ ሂጂ። ከዚያ ሙዚቃውን አጥፍተሽ «አአአ» በዪ፤ ድምፅሽ ጭንቅላትሽ ውስጥ ካስተጋባ ተዘግቷል ማለት ነው። ካመመሽ ወይም ተንሸራቶ ከወጣ ደግሞ ትልቅ ነው። የግራና የቀኝ ጆሮ መጠን ሊለያይ ይችላል፣ በግራ ትልቅ በቀኝ መካከለኛ ብታደርጊ ነውር የለውም። ምናልባት የግራው ሁሌ የሚደክምብሽ በዚህ ይሆናል።

የሐረጎው ነገር። አንቺ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ጠዋት ስትወርጂ ድምፅ የምትጨምሪው እዚያ ጋ እንደሆነ ብወራረድ አልከሰርም። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ስትወርጂ የአየሩ ግፊት ይጨምርና የጆሮ ታምቡርን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ሁሉም ነገር ጨርቅ እንደለበሰ ይሰማል። ማዳመጫው የደከመ ይመስልሻል፣ ትጨምሪያለሽ። ኮምቦልቻ ስትደርሺ ጆሮሽ «ጧ» ብሎ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን እዚያው ከፍታው ላይ ነው። እንግዲህ ጠመዝማዛው ሲጀምር ማስቲካ አኝኪ፣ ምራቅ ዋጪ፣ ጎማውንም ለአንድ አፍታ ላላ አድርገሽ መልሺው። ድምፁን አትንኪው።

ትልቁ ራስ ላይ የሚደፋው ለምን አይሆንም? ጥሩው ጥሩ ነው፣ ቤት ውስጥ እኔም አለኝ። ያንቺ ጉዳይ ላይ ግን ሂጃቡ መሀል ይገባል። የትራሱ ቆዳ ጆሮን ዙሪያውን ካልነካ አይዘጋም፤ ከላይ ካደረግሽው ጨርቁ ክፍተት ይፈጥራል፣ ከስር ካደረግሽው ያጣብቅሻል። የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጨመርበት አስቢው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ላይ ደገፍ ብለሽ ማሸለብም የለም።

ጫጫታ የሚያጠፋው ብሉቱዝ ደግሞ እንዲህ ነው። ኤኤንሲ የሚባለው የውጭውን ድምፅ በማይክ ይሰማና ተቃራኒውን ሞገድ ጆሮሽ ውስጥ ይለቃል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። በደንብ የሚሠራው ዝቅ ባለና በማይለዋወጥ ድምፅ ላይ ነው፣ እንደ ሞተር «እምምም»። የረዳቱን «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ የሞላ!» ግን ብዙም አይነካውም። ለመንገድሽ መጥፎ አይደለም እንግዲህ፣ የእውነት ከሆነ። ችግሩ እውነተኛው ውድ ነው፣ ርካሹ ላይ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ብቻ የሚኖር ኤኤንሲ ሞልቷል። እንዲያውም አንዳንዱ ሳጥን ላይ የሚጻፈው ኢኤንሲ ነው፤ በአንድ ፊደል የሚለይ፣ ሥራው ግን ሌላ። ኢኤንሲ ስልክ ስታወሪ ያንቺን ድምፅ ለዚያኛው ሰው የሚያጠራ ነው፤ አንቺ የምትሰሚውን ጫጫታ አይነካም። በዚህ ስንቱ ተሸወደ። የምር መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ያለ ሙዚቃ አድርጊውና ሞተሩ የተነሳ ባጃጅ አጠገብ ቁሚ፣ አብሪው፣ አጥፊው። ጉርምርምታው ሲወርድና ሲመለስ ካልሰማሽ ተይው።

ሂጃብ ላይ ብሉቱዝ ሌላም አመል አለው። በንክኪ የሚታዘዘው ጨርቁ በነካው ቁጥር ዘፈኑን ይቀይራል፣ ያቆማል፣ አንዳንዴም ያላሰብሽው ሰው ጋ ይደውላል። የግድ ብሉቱዝ ካልሽ የሚጫን ቁልፍ ያለውን፣ ወይም አንገት ላይ የሚያርፈውን ውሰጂ። አንገት ላይ ያለው ሚኒባስ ወንበር ስር አይጠፋም፤ የኤርፖዱ አንዱ ጎን አንዴ ከጠፋ ለብቻው ማግኘት ደግሞ መከራ ነው። ገመዱ ግን ለሂጃብ የተፈጠረ ነው፤ ከውስጥ በኋላ በኩል አሳልፈሽ ታወርጂዋለሽ፣ ማንም አይጎትትብሽም። መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ኤፍኤም ሬዲዮ ያለው ስልክ ከሆነሽ ደግሞ አንቴናው ያው ገመዱ ነው፣ በብሉቱዝ ብቻ አብዛኛው ስልክ ሬዲዮውን እንኳ አይከፍትልሽም።

ሱቅ ስትገቢ የራስሽን ስልክ ይዘሽ ግቢ፣ ሻጩ በሚከፍትልሽ ዘፈን አትለኪ። እነሱ የሚከፍቱት ደረት የሚመታ ነገር ነው፣ በዚያ ሁሉም ማዳመጫ ያምራል። በቃልሽ የምታውቂውን በመሲንቆ የተዘፈነ አምባሰል ክፈቺ። የደጋኑ ፍቅታ ይሰማሻል? ዘፋኙ ከስንኝ ስንኝ ትንፋሽ ሲስብስ? መንዙማ ላይ ጭብጨባው የብዙ እጅ መሆኑ ይለያል ወይስ አንድ «ጧ» ብቻ ነው? ኤክስትራ ቤዝ ምናምን የሚለው ብዙው እዚህ ጋ ይወድቃል፤ ከበሮውን አወፍራለሁ ብሎ መሲንቆውንም ድምፁንም ጭቃ ውስጥ ይከተዋል። ለኛ ዘፈን፣ በኔ ጆሮ፣ መሀሉ ንጹሕ የሆነ ይሻላል። የዘፈኑ ፋይል ራሱ አስር እጅ የዞረ፣ ከቴሌግራም የወረደ ከሆነ ደግሞ የማዳመጫ ጥፋት አታድርጊው።

ሳጥኑ ላይ «9ዲ ድምፅ» የሚል ካየሽ ዝም ብለሽ እለፊው። የብሉቱዝ 5.0 ወይም 5.3 መሆን የድምፅ ጥራት አይደለም። ሳጥኑን ስትከፍቺ ስልክሽ ላይ ሥዕል ብቅ ማለቱም የኦርጅናልነት ማስረጃ አይደለም፣ ኮፒውም ብቅ ይላል። እኔው ራሴ፣ ባለሙያ ነኝ ብዬ፣ አንዴ መንገድ ላይ ቸኩዬ ታሽጎ የተሸጠልኝ «ኦርጅናል» ውስጡ ስከፍተው ክብደት እንዲሰጠው ብረት ተለጥፎበት አግኝቻለሁ። ዋጋ አልጠራልሽም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ግን ሦስት ርካሽ የገዛሽበትን ደምሪውና በሱ አንድ ፈልጊ። ሳያስሞክር የሚሸጥ ጋ አትግዢ፤ ለሙከራ የራስሽን ንጹሕ ጎማ ይዘሽ ብትሄጂ ለጆሮሽም ጤና ነው።

ስልክሽ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው በቻርጅ ቀዳዳው የሚገባ አስማሚ አለ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውስጡ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ አለው፣ ሌላው ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦ ብቻ የሆነው ብዙ ስልክ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ከላይ ሲታዩ አይለዩም፣ ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ስልክሽ ላይ ሰክተሽ ካልሰማሽ ገንዘብ አታውጪ።

የጆሮው ጩኸት ግን ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። 90 ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ። ልዩነቱ 10 ብቻ ይመስላል፣ ግን ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ 3 በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። አንቺ ጠዋትና ማታ እስከ ጥግ ከፍተሽ ስትመላለሺ ያን 4 ሰዓት ሳምንቱ ሳይጋመስ ትጨርሺዋለሽ። ጎማው ከገጠመልሽ በኋላ ከግማሹ ትንሽ ከፍ ብሎ ይበቃሻል፣ ታያለሽ። መጀመሪያ ቀን ያነሰ ይመስልሻል፣ ጆሮ ግን ይለምዳል። በዚህ ሁሉ ጩኸቱ ካልተወሽ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እሱ በካውያ የሚበየድ አይደለም።

ከሚኒባስ ስትወርጂ አንዱን ጎን አውልቂ። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርዱትና ከዚያ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ጥሩንባቸውን ካልሰማሽ አይምሩሽም፤ ጎማው ደግሞ ያንንም ይዘጋል፣ ሥራው ነውና።

እነዚያን ሁለት የሞቱ ባለገመዶች ደግሞ እንዳትጥያቸው። የሁለቱም ግራ የሞተው ገመዱ ተበጥሶ ሳይሆን ድምፅ ማውጫው ተበላሽቶ ከሆነ ሁለት ደህና ቀኝ አለሽ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ድምፅ ማውጫ ግራ ቀኝ አያውቅም፣ የሚለየው ቅርፊቱ ነው። አንድ ዓይነት ከሆኑ የአንዱን ቀኝ በሌላው ግራ መበየድ ነው፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ዓይነታቸው ከተለያየ አንዱ ጎን ይጮህብሻል፣ ቢሆንም ወጥ እያማሰልሽ ለመስማት ይሆናል።